የዘንዶው ጅራት አይናገርም

እሷ የዘንዶው ጅራት ነበረች። ኧረ አትሳቁ! ጅራት መሆን ቀላል መሰላችሁ? ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ እጅ የፊተኛዋን ወገብ ጨብጦ፣ በሌላው ጅራቱን የሚወዘውዘውን ገመድ እየሳቡ መሄድ ነው። ዘንዶው ከአረንጓዴ አንሶላ ተሰፍቶ የእንቁላል ካርቶን ቅርፊት ተለጥፎበታል። ውስጡ ምድጃ ነው፤ ያውም ላብ ላብ የሚሸት ምድጃ!

ክፍሉ በሙሉ «ለፍላፊት» ነው የሚላት፤ አፏ አያርፍማ። ቲቸርም ጅራት ያደረገቻት ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

«ስሚ፣ የዘንዶ ጅራት አይናገርም!» ትላታለች በየልምምዱ።

«ቲቸር፣ ጭንቅላቱ ተሳስታ እኮ ነው!»

«ብትሳሳትም አይናገርም!»

ጭንቅላቱ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ በሳቅ ትፈነዳለች።

የትምህርት ቤቱን ቲያትር ተረት የማያውቅ የለም። ዘንዶው መንገድ የጠፋባትን ሕፃን ሊበላ ይመጣል፣ ስታለቅስ ሲያይ ሆዱ ይባባል፣ በጀርባው ወንዙን ያሻግራታል። ሕፃኗን የምትጫወተው የአንደኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ሁለት የፊት ጥርስ የሌላት ሚጢጢ። የምትቀመጠውስ ማን ጀርባ ላይ? ጅራቷ ላይ! ውይ፣ ስትጣፍጥ! አንሶላው ላይ ልጥፍ ብላ፣ «ዘንዶዬ፣ እንዳትጥዪኝ እሺ?» ትላለች።

«ብጥልሽ ጅራቴ ይቆረጥ!» ትላታለች ለፍላፊት ከውስጥ። ራሷ ለእናቷ አንድ ልጅ ስለሆነች ነው መሰለኝ፣ ልጅቷን በከረሜላ አበላሸቻት።

ለፍላፊት ግን ልቧ የተሰቀለው ሌላ ቦታ ነበር። አባቷን ጠርታዋለች። እሷ አንደኛ ክፍል እያለች ነው ከቤት የወጣው፤ ሰባት ዓመቱ። ሌላ ቤት መመሥረቱን ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። የማይረሳት ፉጨቱ ነው። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያፏጭ ግቢው ሁሉ ይዞር ነበር። እሷ ደግሞ ቦርሳዋን እየጎተተች ትበራለች።

እናም የአባቷን እህት፣ «አክስቴ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት በይው። ጅራቷ እሷ ናት በይው። ሲያየኝ ያፏጭልኝ» አለቻት።

አክስቷ ዓይኗን ሸሸት አደረገችና «እሺ የኔ ልጅ፣ እነግረዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ለፍላፊት ስፌቱ ጋ በእርሳስ በበሳቻት ቀዳዳ አጮለቀች። ሦስተኛው ረድፍ! ሸበት ብሏል፣ ጃኬቱም አዲስ ነው፣ ግን እሱ ነው!

«መጣ! አባዬ መጣ!»

«ቀስ፣ ወገቤን ገነጠልሽው እኮ!» አለች ጓደኛዋ።

ወንዙ ጋ ደረሱ። ወንዙ ሁለት ልጆች ከዳርና ዳር የሚያራግቡት ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ሚጢጢዋ ለፍላፊት ጀርባ ላይ ወጣች። ይኼኔ ፉጨቱ መጣ። ያው ራሱ! ለፍላፊት ምን ታድርግ፣ ገመዱን ሳበችው። ጅራቱን አወዛወዘችው፣ አወዛወዘችው፣ ጨርቅ የያዘውን ልጅ በጥፊ እስኪለው ድረስ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደግሞ አፏጨ። ደግማ አወዛወዘች። ላቧና እንባዋ ተደባልቆ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ዘንዶዬ፣» አለች ሚጢጢዋ ከላይ በሹክሹክታ፣ «አባቴ ነው እኮ የሚያፏጭልኝ!»

«የትኛው?»

«ሦስተኛው ረድፍ፣ አዲስ ጃኬት የለበሰው። እኔ ነኝ የመረጥኩለት።»

ገመዱ ከእጇ ወደቀ። ወንዙ መሃል ቆመች።

«ምን ሆንሽ? ሂጂ እንጂ!» አለች ጓደኛዋ።

ቀዳዳዋ ውስጥ አባቷ ይታያል፤ ስልኩን ደግኖ ይቀርፃል፣ ፈገግታው ጆሮው ደርሷል።

«ዘንዶዬ... ልትጥዪኝ ነው?» አለች ልጅቷ አንሶላውን ጨምድዳ ይዛ።

መጣል እኮ ቀላል ነበር። ጀርባን ትንሽ ማዘንበል ብቻ።

«አልጥልሽም» አለች ለፍላፊት። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። በጠመኔ የተሰመረው ዳር ላይ ተንበርክካ፣ ልክ እንደ ልምምዱ፣ ቀስ አድርጋ አወረደቻት።

ሲያልቅ ሁሉም ልብሱን እያወለቀ እጅ ሊነሳ ተሰለፈ።

«እኔ አላወልቅም» አለች ለፍላፊት።

«አብደሻል? ታፍነሽ ልትሞቺ ነው!»

«በናትሽ።»

ጓደኛዋ ድምፅዋን ሰማችና ምንም ሳትጠይቅ አብራት አንሶላው ውስጥ ቀረች።

አባትየው መድረኩ ላይ ወጥቶ ሚጢጢዋን ትከሻው ላይ ሰቀላት። ከዚያ የዘንዶውን ጀርባ፣ የሷን ጀርባ፣ መታ መታ አደረገ። እጁ ይሞቃል።

«ዘንዶው! ልጄን ስላልጣልክልኝ እግዜር ይስጥህ» አለ እየሳቀ። «ለመሆኑ ውስጥ ማን ነው ያለው?»

አክስቷ አልነገረችውም።

ጓደኛዋ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጣቶቿን ጨበጠቻት። ለፍላፊት አፏን ከፈተች። የሰባት ዓመት ወሬ ነበራት።

«አባዬ ደግሞ! ጅራት እኮ አይናገርም!» አለች ሚጢጢዋ ከትከሻው ላይ።

ለፍላፊት በዳበሳ ገመዱን አገኘችው። ጅራቱን አንዴ ወዘወዘችለት።

አባቷም ከልቡ ሳቀ።