ቀዩን ልቀሙ

አብተው ከሰባተኛ ክፍል የተባረረ ነው። ቢሆንም የእሱን ልብወለድ ያላነበበ የጅማ ተማሪ የለም። ሦስቱን በእጁ በደብተር ጽፎ፣ ከአሰንዳቦ እስከ ሰቃ ተበጣጥሰው እስኪያልቁ ዞረዋል። አራተኛው ግን ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የቀረችው የጓድ ሀብተጊዮርጊስ ማህተም ብቻ ናት።

ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ካድሬ ናቸው። ጅማ ከመጡ ሁለት ወር አልሞላቸውም፤ ቡና የሚያውቁት ሲኒ ውስጥ ነው።

«ይቺ የታሪክህ ልጅ» አሉ ገጹን በእስክሪብቶ እየወጉ፣ «‹ቀዩን ልቀሙ፣ አረንጓዴውን ተዉት› ትላለች። ቀዩ ማነው?»

«ቡና ነዋ ጓድ! ሲበስል ይቀላል።»

«ቡና ጥቁር ነው! ቀይ አብዮተኛ ነው። አብዮተኛውን ልቀሙ ነው የምትለው?»

አብተው ሳቁ መጣና ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ። ታሪኩ የጎረቤቱ የዙሀራ ነው፤ ሰቃ ቡና ስትለቅም ነው ያደገችው። «ዋላሂ፣ ውሸት ካስገባህበት አላነበውም» ብላዋለች።

«ገልብጠው» አሉ ጓድ። «አረንጓዴውን ልቀሙ፣ ቀዩን ተዉት፤ በቃ። አለዚያ መጽሐፍህም አንተም እዚሁ ትቀራላችሁ።»

ጥሬ ቡና ልቀሙ ብሎ ሊያሳትም! የጅማ ሕፃን ሁሉ ሊስቅበት! አብተው ጥርሱን ነክሶ ገለበጠው። ከዛ ተንኮሉ መጣለት።

«ጓድ፣ እንዲህ ያለ እርማት የማን እንደሆነ ሰፊው ሕዝብ ማወቅ የለበትም?»

ከገጹ ግርጌ «ይህን ያረሙት ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ጓድ ኮታቸውን አስተካከሉ። «ኃላፊነቴንም ጨምርበት» አሉና ማህተሙን ረገጡበት።

መጽሐፉ ኅዳር ላይ ደረሰ፤ ለቀማው በጦፈበት ሰሞን። የጅማው መርካቶ ላይ ልጆቹ ጓድን እየተከተሉ «ጓድ ጥሬው! ዛሬስ ምን እንልቀም?» ይሏቸው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን አብተውን አስጎትተው አስመጡት።

«ተሳለቅህብኝ!»

«እኔ? ቃሉም የእርስዎ፣ ማህተሙም የእርስዎ!»

በጥፊ አጮሉትና አሳሰሩት።

ጥፊው አይደለም ያንገበገበው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ፣ እሷ ደግሞ ከገጾቹ መሀል።

ዙሀራ ስንቅ ስታመጣለት መጽሐፉን ከምግቡ ሥር ደብቃ አስገባችለት። ገለጠው። «አረንጓዴውን» ተሰርዟል፤ ከላዩ በእስክሪብቶ «ቀዩን» ተብሏል፤ «ቀዩን» የነበረው ደግሞ «አረንጓዴውን»።

«ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አርሜዋለሁ» አለችው በእስር ቤቱ አጥር ቀዳዳ። «ተማሪዎቹም እያረሙ ነው።»

አብተው ዓይኑ ደም እንደለበሰ ፊደሏን አፍጥጦ አየው።

«ጽሑፍሽ ግን ያስጠላል» አላት።

«አፍህን ዝጋና ብላ!»