ማለዳ ይላል መጽሐፉ

እፀገነት መጽሐፉን እንደ ዳዊት ነበር የምትደግመው። የስለላ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ጋሽ ገብረአምላክ ፊልም እንድትሠራበት ሲፈቅዱላት፣ እንደጻፉት እንድትሠራው ቃል አስገብተዋት ነበር። እሷ ደግሞ ቃሏን ከሚገባው በላይ ጠበቀች። ሰላዩ በመጽሐፉ ሻይ በቀረፋ ከጠጣ፣ ተዋናዩ ቀረፋ የሌለው ሻይ አይነካም። የካሜራ ባለሙያው አህመድ «ቀረፋው በፊልም አይሸትም እኮ!» ቢላት ገላመጠችው። ሴትዮዋ አንዴ ችክ ካለች፣ አለች ነው።

ጣጣው የመጣው በመርዶው ነው። በልብ ወለዱ ሰላዩ በሐሰት ስም አዲስ ኑሮ እንዲጀምር አለቆቹ ሞቷል ብለው ያስወራሉ። የሰፈር ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ለእናቱ መርዶ ሊነግሩ ሲሄዱ፣ እሱ ራሱ ከመንገዱ ማዶ ታክሲ ውስጥ ተደብቆ ያያቸዋል። እፀገነት ለዚህ ብላ ቤቴል አካባቢ አንድ ባለ ቆርቆሮ በር ግቢ ተከራየች። ካሜራው እንደ ሰላዩ ታክሲ ውስጥ ይደበቃል፤ መንገዱ ላይ መብራት የለ፣ ሽቦ የለ። ሽማግሌዎቹም ተዋናይ ተዋናይ እንዳይሸቱ ከሰፈሩ ዕድር ይሁኑልኝ አለች።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ሰው ሲለምናቸው እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በዚህ ግን አመነቱ።

«ልጄ፣ ከሰዓት ብታደርጊውስ?»

«መርዶ ከሰዓት ይነገራል እንዴ ጋሼ? መጽሐፉ ማለዳ ይላል።»

«ወይ ሌላ ሰፈር…»

«ቦታው ተይዟል እኮ!»

ዝም አሉ። እሷም ዝምታቸውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። አይ ጥድፊያ!

ከተከራየችው ግቢ አጠገብ ያለው በር የእሙ ነው። ወንድሙ የሚባለው ልጇ በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟል፤ እህቱ ሉሲም ያለችው ጅማ ነው። እሙ ከዚያ ወዲህ ስልኳን ከእጇ አትለይም። ቀረጻ ባለ ቁጥር ጎራ እያለች «ልጄ ደውሎ ካልሰማሁት በናንተ ጫጫታ ነው!» ብላ ትቀልዳለች፤ እየቀለደችም ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። እፀገነት ትወዳታለች። ስለ ማለዳው ቀረጻ ግን ሳትነግራት ቀረች፤ ትተኛ፣ ምን ብዬ እንቅልፍ እነሳታለሁ ብላ። ወይ አሳቢነት!

በማግስቱ ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ሽማግሌዎቹ ከዕድሩ ሴቶች ጋር ከመንገዱ ጥግ ብቅ አሉ። ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የሚያወራ የለም። እፀገነት በታክሲው መስኮት ስታያቸው ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ልክ መጽሐፉን! አህመድን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

ያን ጊዜ የእሙ በር ተከፈተ። ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም መውጣቷ ነው። ታክሲውን ልብ አላለችውም፤ ብትለውም ያው ታክሲ ነው። ያየችው የራሷን ዕድር ሰዎች ነው፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ወደ እሷ በር ሲመጡ። በዚህ አገር ይህን አይታ ምንድን ነው ብላ የምትጠይቅ እናት የለችም። በሩን እንደያዘች ቀረች።

«ወንድሙን ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

እፀገነት ከታክሲው ዘላ ወረደች።

«እትዬ እሙ! ፊልም ነው! በማርያም፣ ፊልም ነው!» እየሮጠች ደርሳ አቀፈቻት። ድንጋጤውና ኀፍረቱ አንድ ላይ አቃጠላት፤ ጉልበቷ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት። እሙ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«አንቺ ክፉ! ልቤን እኮ ነው ያወለቅሽው! የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ፣ ደረሰብኝ አልኩ እኮ!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እርስዎስ ጋሽ ወልደሰንበት፣ በዚህ ዕድሜዎ ፊልም ሠሪ ሆኑ? እስቲ ከእርስዎ አፍ ልስማው። ፊልም ነው ይበሉኝ።»

ጋሽ ወልደሰንበት መሬት መሬቱን አዩ።

«ይንገሯት እንጂ!» አለች እፀገነት፣ ቱግ ብላ። ምን ዓይነት ሰው ነው! አንዲት ቃል ለማውጣት! ይህን እያሰበች ዓይኗ ሴቶቹ ላይ አረፈ። እያለቀሱ ነበር። አልቅሱ ያላቸው የለም። በመጽሐፉም ከበር ውጭ ማንም አያለቅስም።

እሙ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ ትጠብቃለች።

«ሉሲ ከጅማ እስክትመጣ ብለን ነው መርዶውን የያዝነው፣ እሙዬ» አሉ ሽማግሌው። «እህቱ በሌለችበት፣ አንቺን ለብቻሽ እንዴት ብለን…»

እሙ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።