ክትባቱ የቆመ ሳምንት

ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስል እንዲያመረቅዝ የሚያደርገውን ባክቴሪያ ይከላከላል የተባለውን አዲስ ክትባት ሲስተር ለብዙ ሕመምተኞች በገዛ እጇ ወግታለች። ለጥናቱ ሲባል ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ይወጋሉ፤ ለማን የትኛው እንደደረሰ እሷም አታውቅም። ልብስ ሰፊውን ታላቅ ወንድሟን አግባብታ ጥናቱ ውስጥ ያስገባችውም ራሷ ናት። ልቡን ሊቀደድ የተቀጠረው ለሐሙስ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የጥናቱ ሐኪም ቢሮው ጠራትና በሩን ዘጋ።

«ጥናቱ ቆሟል። ቁስላቸው ከተበከለባቸው ውስጥ፣ ክትባቱን የወሰዱት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት እየሞቱ ነው።»

«እንዴት ሆኖ? ክትባቱ የፈጠረው መከላከያ ደማቸው ውስጥ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ሞልቷል። ግራ ያጋባን እሱ ነው።»

«ወንድሜስ?»

ሐኪሙ ማን ምን እንደተወጋ የሚያሳየውን የታሸገ መዝገብ አስከፍቶ ነበር። «ክትባቱን ነው የወሰደው። ቁስሉ ካልተበከለ ምንም አይሆንም።»

ማጽናኛ ይሁን ማስፈራሪያ አልለይልሽ አላት።

ወንድሟ አልጋው ላይ ተቀምጦ የፒጃማውን ኪስ በመርፌ ይሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገረችው።

«እና ውሃው ይሻለኝ ነበር?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ክትባቱ ነው የሚያባብሰው ወይስ ሌላ ነገር?»

«እሱንም አላውቅም። ይቅር በለኝ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ‹እኔ ነርስ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ› ስትዪኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ነው ወይ አላውቅም የምትዪው?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ልቤስ ይጠብቃል?»

«አይጠብቅም።»

«በቃ፣ ሐሙስ እገባለሁ።»

ገባም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ፋሻውን ገልጣ ለማየት እጇ እየሄደ፣ እኔው ራሴ እንዳልበክለው እያለች ትመልሰዋለች። ደሙ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ባክቴሪያ አልተገኘበትም። ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ለቀቀው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁስሉ ደርቆ ከሆስፒታል በእግሩ ወጣ።

«ታዲያ ከመበከል ያዳነኝ ያው ክትባት ይሆን እንዴ?» አላት ደረጃው ላይ።



«እኔ እንጃ» አለች ሲስተር፣ ክንዱን እንደያዘች። «ቀስ ብለህ ውረድ።»