አየር የሚያድለው አዛዥ

ቅናት ይዞኛል፤ ምን ያስደብቀኛል? ዝማሬ የምትባል የመሪጌታ ልጅ፣ መጻፍ ከጀመረች ዓመት እንኳ ያልሞላት፣ ጎንደር ፒያሳ ያለውን የንባብ ማኅበራችንን አፍ አስከፍታ ዋለች። ማኅበሩን የመሠረትኩት እኔ ነኝ። ሰብሳቢውም እኔ ነኝ።

የዚያን ቅዳሜ የተሰበሰብነው ባሕር ዳር ለሚካሄድ የሳይንስ ልብወለድ ውድድር የምንልከውን አንድ ሥራ ከነጸሐፊው ለመምረጥ ነበር። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጀማሪዎቹ እንዲማሩ ብዬ ነው። የእኔ ክፉ ከሌላ ዓለም የመጣ ባለ ብዙ ራስ አውሬ ነው፤ ጎንደርን ከነግንቡ ይውጣታል። ረዘም አድርጌ አነበብኩላቸው። ከሳንጃ የሚመጣው ሰሊጥ ነጋዴ የሻው ሲያንጎላጅ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት።

ዝማሬን መጨረሻ ላይ አደረግኋት። የአዘዞ ታክሲ እንዳያመልጣቸው የፈሩት ቦርሳቸውን አንሥተው ነበር፤ አንድ ገጽ ሳታነብ መልሰው አስቀመጡት።

ታሪኩ ማርስ ላይ ከመሬት ሥር ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። አየሩን የሚያድላቸው አንድ አዛዥ ነው። አይቆጣም፣ አይገድልም፣ ሁሉንም «ልጆቼ» ይላል። መጀመሪያ እሱ ጠግቦ ይተነፍሳል፤ እነሱን ለመጠበቅ መበርታት አለበትና። ተራቸው ሳይደርስ አየሩ ሲያልቅ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ እያደረገ «ለእናንተው ብዬ ነው» ይላቸዋል። ይህን ባነበበች ቁጥር ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ዝም ብላ እጇን ታወጣለች፤ ሌሎቹም ይከተሏታል፤ አዛዡ በድምፅ ብልጫ ተሽሮ ያበቃለታል። ያን የመሰለ ጭብጨባ ለእኔ ተጨብጭቦ አያውቅም።

ቀንድ እንኳ የሌለው ሰውዬ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስደስተው? የሻውን ጠየቅሁት።

«አያ ሰውአገኝ፣ ያንተም አውሬ ሸጋ ነው» አለኝ። «ግን አግኝቼው ስለማላውቅ አልፈራሁትም። ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ሲወድቅ ደስ ያለኝም ለዚያ ነው።»

የት እንደሚያውቀው ብጠይቀው ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

ድምፅ መስጠት ብቻ ቀረ። ዝማሬ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ትጠብቃለች። ድምፅ ከተሰጠ ማን እንደሚሄድ አውቄዋለሁ፤ መታገሥ አልቻልኩም። ተነሥቼ ትከሻዋን ቸብ አደረግሁ። ገና ልጅ መሆኗን፣ ተራዋ እንደሚደርስ፣ ዘንድሮ ግን የማኅበሩን ስም የሚያስጠራ የበሰለ ሥራ፣ ማለትም የእኔ፣ እንደሚላክ ተናገርኩ።

«ልጆቼ» አልኩ፤ «ለእናንተው ብዬ ነው።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ዝማሬ አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ ሳይቀር ቀላ። የሻው ዝም ብሎ እጁን አወጣ። ከኋላ ሌላ እጅ፣ ከዚያ ሌላ። የእኔን እጅ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ባሕር ዳር የሄደችው እሷ ናት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መሸነፌ ብቻ አይደለም። እኔን ራሴን እንኳ ከእኔ አሳምራ መጻፏ ነው።