የበሩ ላይ ወረቀት

ዳማው ፈረስ ወደ ማቆያው የመጣው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአስፋልቱ መሐል ይዘው አመጡት፤ ባጃጅ ገጭቶት ኖሮ አንድ የኋላ እግሩን ያነክሳል። ትከሻው ላይ ጋሪ የላጠው ቦታ ጠጉር አላበቀለም። አርጅቷል፤ ግን ንጹሕ ነበር። የሚያጥበው ሰው እንዳለው ያስታውቃል።

እኔ በሆሳዕና ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረው የባዘኑ እንስሳት ማቆያ ዘበኛ ነኝ። ባለቤት ሳይኖረው መንገድ ላይ የተገኘ እንስሳ ወደዚያ ይገባል። ባለቤቱ ከመጣ ይወስደዋል፤ ካልመጣ ለጨረታ ይቀርባል። ድርቆሽ የሚሰጠው ለጨረታ የሚቀርበው ብቻ ነው። ያረጀ የጋሪ ፈረስ የሚገዛ ስለሌለ ለፈረስ ድርቆሽ አልተመደበም። ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ስቀጠር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት።

ስለዚህ ፈረስ ሲገባ ዋናው ሥራ ባለቤቱ ቶሎ እንዲሰማ ማድረግ ነው። በእኛ ዘንድ የጠፋ እንስሳ የሚነገረው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ስብከቱ አልቆ ማስታወቂያ ሲባል፣ እንስሳውን ያገኘው ሰው ራሱ ተነሥቶ መልኩንና ምልክቱን ይናገራል። ሕዝቡም ከተቀመጠበት ይጠይቀዋል፤ ቀንዱ ወዴት ነው፣ ጆሮው ተበሥቷል ወይ፣ በየት በኩል ነው የተገኘው። ወረቀት ጽፎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሰጥቶ መቀመጥ የለም፤ ሽማግሌው እንስሳውን አላየውምና ሲጠየቅ የሚመልሰው የለውም። ይህን የሚሠራው ከእኔ ጋር የነበረው ዘበኛ ነበር። እሱ በክረምቱ ወደ ዱራሜ ስለተዛወረ የማቆያው ኃላፊ ጋሽ ሳህሉ እንድናገር እኔን አዘዘኝ።

እሑድ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ማስታወቂያ ያለው ይነሣ አሉ። አንዲት ሴት ተነሥታ ፍየሏ እንደጠፋች ተናገረች። ፍየሏ አጥር የምትዘለው ባሏን አይታ ነው ስትል ሕዝቡ ሳቀ፤ ባሏም አብሮ ሳቀ። ሽማግሌው ሌላ ሰው አለ ወይ ብለው እንደገና ጠየቁ። የምናገረውን በቃሌ ይዤው ነበር። ግን የዚያን ሁሉ ሰው ጀርባ ሳይ፣ ያ ሁሉ ጀርባ ፊት ሆኖ ወደ እኔ ሊዞር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሳልነሣ ቀረሁ። መዝሙር ሲጀመር ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀት ላይ ጻፍኩት። “ዳማ ወንድ ፈረስ፣ የኋላ ቀኝ እግሩ ነጭ፣ መስከረም ፲ ቀን የተገኘ። ባለቤቱ ምልክት ተናግሮ ይውሰድ።” ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ሦስተኛው ላይ አንድም ስርዝ የለም። በዱቄት ሙጫ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ጋሽ ሳህሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አነበበውና ሳቀ።

“አንተ ደራሲ! ፈረሱ ራሱ ቢያነበው ይኮራ ነበር።”

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ተናግሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። ተናግሬአለሁ አልኩት። ውሸቱ ከአፌ የወጣው እንደ ሰላምታ በቀላሉ ነው።

እስከ ረቡዕ ድረስ ከቦይ ዳር ሳር እያጨድኩ አቀረብኩለት። ውሃ ከቦኖ በጀሪካን አመጣሁለት። ሳሩ ግን ለዚያ ቁመት ቁርስ አይሆንም ነበር። ማክሰኞ ጋሽ ሳህሉ ለበዓል ወደ አገሩ ሲሄድ የድርቆሹን ቤት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ አስገባ፤ ዓምና በበዓል ሰሞን ድርቆሽ ተሰርቆበታል። ቁልፉን ተውልኝ ልለው እስከ መኪናው ተከትዬው ሄድኩ። ሻንጣውን አቀበልኩትና ተመለስኩ። ማታውን ስልክ ደወልኩለት፤ አላነሣም። ሁለተኛ መደወል መጨቅጨቅ መሰለኝ።

ሐሙስ ያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው። ያሆዴን ከአባቱ ቤት ውጭ የዋለ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ይባላል። አባቴም ልኮብኛል። ሁለት ባልዲ ውሃ ሞልቼ፣ አንድ እቅፍ ሳር አስቀምጬ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ ሄድኩ። አንድ ቀን ነው ብዬ ነበር። ዓርብ ልነሣ ስል አባቴ ሥጋው ሳይከፋፈል የት ትሄዳለህ አለኝ። የታሰረ ፈረስ አለ ማለት አፈርኩ። ዘመድ ሁሉ ተቀምጦ ስለ አንድ የጋሪ ፈረስ ብነሣ ይስቁብኛል ብዬ ተቀመጥኩ። በቡላና በቅቤ የተሠራ አተካና ቀርቦልኝ በላሁ፤ ጠገብኩ።

ቅዳሜ በማለዳ ተመለስኩ። አንደኛው ባልዲ ተደፍቷል፤ ሌላው ደርቋል። የታሰረበትን የባሕር ዛፍ ግንድ አፉ እስከሚደርስበት ድረስ ልጦ ግጦታል። ፈረሱ ከግንዱ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ዓይኑ ክፍት ነው። ነካሁት፤ ቀዝቅዟል።

ጋሽ ሳህሉ እሑድ ከቀትር በኋላ መጥቶ ሸራ አልብሰው አለኝ፤ ትራክተሩ ሰኞ ይወስደዋል። ከዚያ ቅጹን አውጥቶ እንድሞላ ሰጠኝ። የሞት ምክንያት የሚለው ላይ ቀና ብዬ አየሁት። በሽታ በል አለኝ፤ አርጅቶ የለ፣ እርጅናም በሽታ ነው። ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ቀለሙ ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ።

አንድ ሽማግሌ ልጓም ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ። ጠና እባላለሁ አሉ። ባለ ጋሪ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የጎረቤት ልጅ የበሩን ወረቀት አንብባ ነገረቻቸው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ሰኞ እዚህ በር ላይ ደርሰው ነበር፤ እኔ ለካ ውሃ ልቀዳ ሄጃለሁ። ወረቀቱን አይተውታል።

“የጨረታ መሰለኝ” አሉ፤ እንደ ማፈር ብለው። “እናንተ ዘንድ ወረቀት ያው ለጨረታ ነው።” በመሐሉ አዲሎ ድረስ ሄደው በየበረንዳው ጠይቀዋል፤ አንጋጫ ገበያም ውለዋል። ሐሙስ በዚህ ሲያልፉ ደግሞ አንኳኩ፤ የከፈተ የለም። “የታለ?” አሉና ግቢውን ቃኙ። ሸራው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

ጋሽ ሳህሉ ፈጥኖ ተናገረ። ሐዘኑን ገለጸ፤ ማቆያው የሚችለውን ሁሉ እንዳደረገ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እንደተነገረ አስረዳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቅጹን አንብብላቸው አለ።

ጋሼ ጠና ግራ ገባቸው። “የትኛው ቤተ ክርስቲያን?” አሉ። “እኔ እኮ እሑድ እሑድ እዚያው ነኝ። ያን ቀን የተነገረው ፍየል ነው።”

ቅጹን ያዝኩት። ቀኑን አነበብኩ፤ መልኩን አነበብኩ። የሞት ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ የራሴን ፊደል አየሁት። ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ተቀምጧል።

“በሽታ የሚለው ውሸት ነው ጋሼ” አልኩ። “በረሀብና በጥማት ነው የሞተው። ቤተ ክርስቲያንም አልተናገርኩም። ሄጄ ነበር፤ አፍሬ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ደግሞ ለበዓል ብዬ ጥዬው ሄድኩ።”

ጋሽ ሳህሉ አንተ ልጅ አብደሃል እንዴ አለኝ። ጋሼ ጠና ወደ እሱ አልዞሩም። ስንት ቀን እንደቆየ ጠየቁኝ። ዘጠኝ ቀን አልኳቸው። ስንቱን ቀን በላ አሉኝ። በደንብ የበላበት ቀን የለም አልኩ። ሄደው ሸራውን ገለጡ፤ የተላጠውን ግንድ በእጃቸው ዳሰሱት። ሲመለሱ እንኳ አልጮኹብኝም።

“ሚስቴ ሳር ልታጭድለት ወጥታለች” አሉ። “እኔ አልነግራትም። መጥተህ አንተ ንገራት።”

እስከ ቤታቸው ድረስ ከኋላቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ጋሪው እጀታውን መሬት አስነክቶ ቆሟል። እትዬ አዜብ ሳር ተሸክመው ደረሱ፤ ሸክሙ ከራሳቸው ይበልጣል። እኔን አዩ፤ ባላቸውን አዩ፤ ባዶውን ልጓም አዩ። ለጋሼ ጠና የነገርኳቸውን አንድም ሳላስቀር በሀዲይኛ ነገርኳቸው። ያሆዴ ዕለት የት እንደነበርኩና ምን እንደበላሁ ሁሉ ተናገርኩ። ሸክሙን ሳያወርዱ ሰሙኝ። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ “አትንካው” አሉኝ።

ሳሩን ራሳቸው አወረዱና አጠገቡ ተቀመጡ።

“ድምፁን አላሰማም?” አሉ።

“የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሽካካ ነበር።”

“እሱ ሲርበው ነው የሚጣራው” አሉ። “እኛም እንሰማው ነበር፤ እዚህ ቢሆን።”

ሂድ ያለኝ ስላልነበረ ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ሰኞ ትራክተሩ ሳይደርስ ጋሼ ጠና አካፋ ይዘው መጡ። ለጅብ አልሰጠውም አሉ። ከአጥሩ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ መቆፈር ጀመሩ። እኔም ዶማ ይዤ ከወዲያ በኩል ጀመርኩ፤ አልከለከሉኝም። ፈረሱን አስገብተን ጉድጓዱን አብረን ሞላነው።

ቅጹ ላይ በሽታ የሚለውን ሰርዤ እውነቱን ጻፍኩና ፈረምኩ። ስርዝ ያለበት ወረቀት ሳስረክብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ሳህሉ እስካሁን አልፈረመበትም። በየሳምንቱ ንጹሕ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔም ሳልነካው አስቀምጠዋለሁ።