ለኔቪል ድምፅ አትስጡ

የዋይሁና አዳራሽ ኮሚቴ ጉዳዩን በሦስት ስብሰባ በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ በእሑዱ የዕጩዎች መድረክ ላይ የሚቀርበው የአይብ ጥቅል ዳቦ ለአንድ ሰው ከሁለት እንዳይበልጥ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ውሳኔው ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ የኮሚቴው አባላት አራት አራት ጥቅል ይዘው ቆመዋል።

አጎቴ ኔቪል ታማቲ አንድ ብቻ አንስቶ ከኋላ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል፤ በወረዳችን ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እሱ አውቶቡስ ውስጥ አስመልሶታል ማለት ይቻላል። ጡረታ እንደወጣ የወንዞች ፓርቲ ዕጩ ሆነ። ልጅ ሆኖ የዋኘበት ወንዝ ዛሬ ውሻ እንኳ ገብቶበት ቢወጣ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ የሚወዳደርበት ሌላ ምክንያት የለውም። ፓርቲው ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቴም ወድቋል። ዘንድሮ ፓርላማ ካልገባ ሊፈርስ ወስኗል። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ በፖለቲካ ሳይንስ ተመርቄ ሥራ ስላጣሁ የዘመቻው ኃላፊ፣ ጸሐፊና ሕዝብ ግንኙነት ሆንኩ። መንዳቱን ለእሱ ተውኩለት።

ከዋና ከተማው ከዌሊንግተን የመጣልን ትእዛዝ ግልጽ ነበር። መራጩ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ያደርጋል፤ አንዱን ለፓርቲ፣ አንዱን ለወረዳው ሰው። ፓርቲ ስንት ወንበር እንደሚያገኝ የሚወስነው የፓርቲው ምልክት ነው። ከመቶ አምስት ያገኘ ይገባል፤ ያላገኘ ደጅ ይቀራል።

«የወረዳውን ወንበር ሁልጊዜ ከሁለቱ ትልልቆች አንዱ ነው የሚወስደው» አለችው የፓርቲያችን መሪ ፊሊፓ ጎሪንጅ በስልክ። «ስለዚህ ለራስህ እንዳትለምን። ለፓርቲው ብቻ።»

አጎቴ የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

መድረኩ ላይ መጀመሪያ የአንደኛው ትልቅ ፓርቲ ዕጩ፣ ጠበቃው፣ ስለ ራሱ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ቀጥላ የሌላኛው ዕጩ፣ የቀድሞዋ ከንቲባ፣ ስለ ራሷ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገረች። አጎቴ ተነሣ።

«ኔቪል ነኝ። ታውቁኛላችሁ። የሰው ምልክታችሁን ለእኔ አትስጡ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ደስ ላላችሁ ስጡ። የፓርቲውን ምልክት ለወንዞቹ ብትሰጡልን ግን ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።»

ተቀመጠ። ጭብጨባው የአዳራሹን ጣሪያ አናጋው።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነበር። እኛ አገር «ጎበዙ እኔ ነኝ» ያለ ሰው አለቀለት። የራግቢ አምበል ዋንጫ ተሸክሞ እንኳ «የለፉት ልጆቹ ናቸው» ነው የሚለው። እንግዳ ሻይ ሲቀርብለት «ኧረ አትድከሙ» ካላለ ባለጌ ነው፤ እንዲህ ሲል ደግሞ ማንም ከልቡ ነው ብሎ አያስብም፤ ይቀዳለታል። አሁን ታዲያ አንድ ሰው የፓርላማ ወንበር ቀርቦለት «ኧረ አትድከሙ» አለ።

«ምን ጎደለህ?» አለው ሽማግሌው የወተት ከብት አርቢ ሜርቪን ስትራካን በሩ ላይ። ሜርቪን አጥሩ ላይ አውቶቡስ የሚያህል የጠበቃውን ፎቶ የሰቀለ ሰው ነው።

«ምንም አልጎደለኝም።»

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም፣ ሜርቭ። ለእኔ የሚሰጥ ምልክት ባክኖ ይቀራል ነው የምልህ።»

«አየሽው?» አለኝ ሜርቪን ወደ እኔ ዞሮ። «እናቱም እንዲህ ነበረች። ደግመው ደጋግመው ካልለመኗት ኬክ አትቆርስም።»

ቤት ለቤት ስንዞር ነገሩ ባሰ። አጎቴ በር ላይ ቆሞ «ለእኔ አትስጡ» ሲል ሰዎቹ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው «እሺ፣ እሺ፣ አንሰጥህም» ይሉና የጃም ብልቃጥ ያስይዙታል። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም እንባ አውጥታ፣ ልጇ በበረዶ ቀን ሲዘገይ አውቶቡሱን አስቁሞ እንደጠበቀው ነገረችን።

«እሱ ሥራዬ ነበር» አላት።

«እዪው፣ አሁንም» አለችኝ።

በአራተኛው ሳምንት ጎሪንጅ ደወለች።

«የሕዝብ አስተያየት ጥናት ላይ ከፍ ብለህ ወጥተሃል። ምን አድርገህ ነው?»

«አትምረጡኝ አልኳቸው።»

«በደንብ ንገራቸው።»

በደንብ ነገራቸው። ለኔቪል ድምፅ አትስጡ የሚል ሰሌዳ በገዛ እጁ ቀብቶ መንገድ ዳር ተከለ። በማግሥቱ ሰሌዳው ሥር አበባ ተቀምጦ ተገኘ።

የምርጫው ቀን አልፎ ቁጥሩ መጣ። የወንዞች ፓርቲ በመላ አገሪቱ ከመቶ አራት ነጥብ ስድስት አገኘ። አምስት አልሞላም፤ ደጅ ቀረን። አጎቴ ደግሞ ሁለተኛ ወጥቶ ከጠበቃው በሠላሳ አንድ ድምፅ ብቻ ያንስ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ። ሕጉን ከፍቼ አነበብኩ፤ አንድ ፓርቲ አንድ የወረዳ ወንበር እንኳ ካሸነፈ የአምስቱ ገደብ ይነሣለታል፣ በፓርቲ ምልክቱ ልክ ወንበሩን ይወስዳል። አራት ነጥብ ስድስት ማለት ስድስት ወንበር ነው። ከወረዳቸው ርቀው የመረጡ ሰዎች ድምፅ ገና አልተቆጠረም፤ ለእሱ ሁለት ሳምንት ይቀራል።

ጎሪንጅ ደወለች። ድምጿ ከወትሮው ለስልሶ ነበር።

«ያን አንቀጽ እኔም አውቀው ነበር፤ አይሆንም ብዬ ነው የተውኩት። ኔቪል፣ እንደው... ብታሸንፍ።»

«ስድስት ሳምንት አትምረጡኝ ብዬአለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«በደንብ ንገራቸው ብለሽኛል።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ሁለቱን ሳምንት አጎቴ አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ የማንም ያልሆነ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። ፓርቲው ከፈረሰ ስለ ወንዙ ፓርላማ ውስጥ የሚናገር እንደማይኖር ያውቃል፤ አያወራውም እንጂ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። አንብቤ ለእሱ ሰጠሁት። እሱም መነጽሩን ፈልጎ አነበበና ለማቆሚያው መካኒክ ሰጠው።

በአንድ ድምፅ አሸንፏል።

ጠበቃው ዳኛ ፊት ድጋሚ ይቆጠርልኝ አለ። ተቆጠረ፤ ያው አንድ ሆነ። ፓርቲያችን ስድስት ወንበር ይዞ ገባ። ዋይሁና በሙሉ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ወረደ፤ ሥጋው ተጠበሰ፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ለአውቶቡስ ሾፌር የሚዘፈነውን ሁሉ ዘፈኑ። ጎሪንጅ ከዌሊንግተን በርራ መጥታ ቆሻሻው ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ፎቶ አንሺው ሲጨርስ እግሯን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ያየኋት ሴትዮ ሁሉ «ያቺ አንዷ ድምፅ የእኔ ናት» ትለኝ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት አርባ ሦስት «አንዷ» ቆጥሬአለሁ።

ሜርቪን ሳህኑን ይዞ አጎቴ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንድ ድምፅ» አለው።

«አንድ።»

«እኔስ ማንን እንደመረጥኩ አገር ያውቃል፤ አጥሬ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንተ ግን...» ሜርቪን ሹካውን አስቀመጠ። «ምርጫ ጣቢያ ስትገባ አይቼሃለሁ። የሰው ምልክትህን ለማን ነው የሰጠኸው?»

አጎቴ ዳቦውን ቆርሶ ጎረሰ።

«ስድስት ሳምንት ለእኔ አትስጡ ስትለን እውነትህን ነበር» አለ ሜርቪን። «ከነበረ ደግሞ ለራስህ አልሰጠህም ማለት ነው። ወይስ ያቺ አንዷ ድምፅ ያንተው ናት?»

እኔም ጆሮዬን አቀናሁ። ጎሪንጅም ካልሲዋን ይዛ ዞረች።

«አልነግርህም» አለ አጎቴ።

«ለምን?»

«ለምን እንደማልነግርህም አልነግርህም።»