አንድ ሪሞት፣ ሁለት ማራገቢያ

እኔ የሰቀልኩት የጣሪያ ማራገቢያ አይንቀጠቀጥም፣ አይንጋደድም፣ ሰው አናት ላይም አይወድቅም። ጉራ ነው የሚል ካለ ቀና ብሎ ይይ። "ሴት ልጅ ኤሌክትሪክ ትችላለች?" እያሉ አፍንጫቸውን ይነፉብኝ የነበሩ ደንበኞቼ ዛሬ ከሥሩ ተጋድመው ያንኮራፋሉ።

ስለዚህ አባባን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሲከዳቸው፣ ታላቅ ወንድሜ በስልክ ያለኝን ስሰማ ደሜ ፈላ።

"ማራገቢያ እንኳ ማጥፋት ያቃታቸውን አባት ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ትተሻቸው ሥራ ትውያለሽ" አለኝ። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሠራው ቤቱ ተቀምጦ ነው። "ቅዳሜ መጥቼ ወደ እኔ እወስዳቸዋለሁ። በቃ።"

ለአባባ ነገርኳቸው። ራሳቸው የለሰኑትን ግድግዳ፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን ተራ በተራ አዩና፣ "እኔ ከቤቴ አልወጣም፣ ሽቦ" አሉ። ሽቦ የሚሉኝ ለቅጥነቴ ነው፤ ሥራው በኋላ የመጣ ነው። "ንገሪው።"

ከመንገር ማሳየት ይበልጣል። የአባባ ኮመዲኖ የሪሞት መጋዘን ሆኖ ነበር፤ የመብራቱ፣ የቴሌቪዥኑ፣ የማራገቢያው። በግራ እጃቸው ያገኙትን አንስተው ይጫኑና፣ ዜና አንባቢው ሲጮኽባቸው ማራገቢያውን ይሰድባሉ። ስለዚህ ሁሉንም የሚያዝ አንድ ሪሞት አመጣሁ። ተራዎቹ ከቴሌቪዥን አያልፉም፤ ማራገቢያ የሚታዘዘው በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ አይሰማቸውም። የእኔው ግን ሁለቱንም ይችላል። የድሮዎቹን ትእዛዝ አንድ በአንድ አስቀዳሁትና፣ የማያስፈልጉትን ቁልፎች በፕላስተር ሸፈንኳቸው።

"አሁን ያጥፉት" አልኳቸው።

"ገና ነፋስ ሳገኝ ለምን አጠፋለሁ?"

"ለልምምድ።"

"ልምምድ ለልጅ ነው" አሉ፤ ግን አጠፉት። አበሩት። ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ሪሞቱን ከጉያቸው የሚያወጣው አልተገኘም። እኔም በኩራት ቤቱ ጠበበኝ።

ቅዳሜ ወንድሜ ከምሳ በኋላ መጣ። አባባ ሸለብ አድርጓቸው ነበር፤ ማራገቢያቸው በቀስታ ይዞራል። በራቸውን ገርበብ አድርገን ሳሎን ተቀመጥን። የሳሎኑ ማራገቢያ ለአባባው መንትያ ነው፤ ሰው ስለማይቀመጥበት ግን ከግድግዳው ማብሪያ እንደጠፋ ነበር የከረመው። ወንድሜ አበራው፤ የማራገቢያውን ሪሞት ከጠረጴዛው አነሣና እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

"እንዳይሰሙን" አለ።

በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ራሱ ያጓራል። መጋረጃው ተነሣ። እኛም በጩኸት መንሾካሾክ ጀመርን።

"የአባባን ሪሞት አይተሃል፤ ሁሉንም ራሳቸው ያዛሉ።"

"ቢወድቁ ሪሞት ያነሣቸዋል?"

"አልወደቁም እኮ፣ ጋሼ።"

"እስካሁን።" ፊቱ ቀላ፤ ድምፁንም ከነፋሱ በላይ ከፍ አደረገ። "ክፉ ሆኜ መሰለሽ? ስልኬ በጠራ ቁጥር መርፌው ከእጄ ይወድቃል። ሞቱ የምትዪኝ ይመስለኛል።"

ክንፎቹ ዘገዩ። ነፋሱ ከሰመ፤ መጋረጃው ወደ ቦታው ተመለሰ። ወንድሜ ልብ አላለውም።

"እፈራለሁ" ብሎ ጮኸ፣ ጭር ባለው ቤት ውስጥ። "ገባሽ? እፈራለሁ።"

ሪሞቱ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከመኝታ ቤት የአባባ ድምፅ መጣ፤ "ያን አውሎ ነፋስ ማን ነው የለቀቀብኝ? አንሶላዬን ይዞት ሊሄድ ነበር።"

ያኔ ገባኝ። ሁለቱን ማራገቢያዎች ስሰቅል፣ እያንዳንዱ የራሱን ሪሞት ብቻ እንዲሰማ ትእዛዝ መቀበያቸው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያዎች ማለያየት ነበረብኝ፤ ከፋብሪካ እንደወጡ ትቻቸዋለሁ። ሬዲዮን ደግሞ ግድግዳ አይመልሰውም። ወንድሜ የሳሎኑን ሲለቅ የአባባም አብሮ ፈጠነ፤ አባባ የራሳቸውን ሲያጠፉ የሳሎኑም አብሮ ጠፋ። እኔ፣ የማልሳሳተዋ። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

ገርበብ ያለውን በር ገፍተን ገባን። አባባ ሪሞቱን በግራ እጃቸው እንደጨበጡ ወንድሜን ትክ ብለው ያዩታል። እሱ አንገቱን ደፋ፤ አባቱ ፊት ፈራሁ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

"ሰማሁ" አሉት። "የምትፈራው አንተ፣ ቤት የምለቀው እኔ? የስፌት መኪናህን እዚህ አምጣት። ሳሎኑ እንደሆነ ባዶ ነው።"

ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የከዳቸውን ቀኝ እጅ ያዘና አለቀሰ። እኔም አልቻልኩም።

ሰኞ የስፌት መኪናዋ ሳሎን ገባች። እኔ ስህተቴን ተሸክሜ ማደር አልወድምና መሰላል ዘርግቼ የሳሎኑን መቀበያ ልከፍት ወጣሁ። ወንድሜ ከሚሰፋው ሱሪ ላይ ቀና አለ።

"ተዪው" አለኝ። "ይሄ ማራገቢያ ዝቅ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ደህና እንዳሉ አውቃለሁ።"